ፊቴን ወደ ቀን መቁጠሪያው አዙሬ

ጡረታ ወጣሁ የሚለው ጡረታ ያለው ሰው ነው። እኔን ከሥራ ያስወጣኝ ስልክ ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በፋርማሲና በጭማቂ ቤት መሃል የነበረችውን ሱቄን ስዘጋ የምስጋና ወረቀት የሰጠኝም ኬክ የቆረሰልኝም የለም። በመጨረሻው ሰሞን በቀን ሦስት ሰው ቢገባ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ የሚጠይቀኝ ቻርጀር ነበር። አንድ ጠዋት በቃኝ አልኩና ኮምፒውተሮቹን አጽድቼ ሸጥኩ፣ ቁልፉንም ለአከራዬ መለስኩ። አሁን እዚያ ቤት የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። በዚያ ሳልፍ ፊቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ፤ ፊት ማዞር መቼም የኖርኩበት ሙያ ነው።

ስሜ ጽጌ ይባላል፤ ሰፈር ውስጥ እትዬ ጽጌ ይሉኛል። ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ አርጅቻለሁ። ሥራዬ በአጭሩ የሰው ምስጢር መጻፍ ነበር፤ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር፣ በመጨረሻ በኢንተርኔት። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። አንዲት እናት ከልጇ ጋር የሚያገናኛትን አንድ ክር በእኔ እጅ አጥታለች፤ እንዴት እንደጠፋ አንድ ቦታ ሰፍሮ ይቀመጥ ብዬ ነው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ስሟን ቀይሬዋለሁ። የክርስትና ስሟንም ቀይሬዋለሁ፣ እሱ እንኳ አሁን ለምንም የማይጠቅም ቢሆንም።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን በታይፒስትነት ሠርተው ሲወጡ ሁለት የጽሕፈት መኪና ገዝተው ከቀበሌው ፊት ለፊት ጽሕፈት ቤት ከፍተው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል ይሉ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን መኪናው ላይ የሚያስቀምጡኝ መስሎኝ ጣቶቼን ሳፍታታ፣ ያገለገለ የካርቦን ወረቀት አንስተው ሰጡኝ።

«መስኮቱ ላይ ለጥፊና አንብቢ» አሉኝ።

ብርሃን ሲያገኘው ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዲት ሴት ባሏ እንዴት እንደሚደበድባት ለፍርድ ቤት ያስጻፈችው አቤቱታ ነበር። ግማሹን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?»

«ኧረ አላውቃትም።»

«አሁን አወቅሻት። ነገ ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ ብትቀመጥ ጥርሷ የት እንደተሰበረ ታውቂያለሽ፤ እሷ ግን አንቺን አታውቅሽም። የዚህ ሥራ ክፋቱ ይሄ ነው።»

ካርቦኑን ተቀበሉኝና ጓሮ ወዳለችው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ወስደው አቃጠሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ በሩን ከመዝጋታችን በፊት የቀኑን ካርቦን፣ የተበላሸውን ወረቀትና ያለቀውን ሪባን ማቃጠል የእኔ ሥራ ሆነ። ሪባን ደግሞ ሲቃጠል የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቁሩ ከጣቶቼ ስለማይለቅ ሰርግ ስጠራ እጄን እየደበቅሁ ነበር የምበላው። ደመወዜ ለታክሲና ለጫማ የምትሆን ነበረች፤ ስለ እሷ ሌላ የምለው የለኝም።

የአማርኛ ታይፕ ትዕግሥት ይፈልግ ነበር። ፊደሉን ከመቱት በኋላ እግሩን ወይም ቀለበቱን ለብቻው መቀጠል አለብዎት፤ ቸኩለው ከሳቱት ቃሉ ሌላ ይሆናል። ጋሽ ወንድይራድ ግን ስለ ፍጥነቴም ስለ ስህተቴም ብዙ ተናግረውኝ አያውቁም። የሚቆጡት በሌላ ነገር ነበር። ደንበኛ እያስጻፈ ሌላ ሰው ሲገባ፣ መኪናው ላይ ያለውን ወረቀት በመዳፌ ካልሸፈንኩ ፊታቸው ይለዋወጣል። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ገንዘብ ያለቀባቸው ሰዎች የእርዱኝ ወረቀት ሲያስጽፉ፣ የበሽታውን ስም አስቀርተው «በጽኑ ሕመም» ብቻ እንዲሉ ይለምኗቸዋል። «ብሩን ሰጥቶሽ ከሄደ ሰው ዘንድ በሽታሽ ለምን ይቀራል?» ይሏቸው ነበር። አንድ ሰው ሊናገረው የሚያፍረው ነገር ላይ ሲደርስ ደግሞ ወንበራቸውን አዙረው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ ያያሉ። ሰውየው ጀርባቸውን እያየ ይናገራል፣ እሳቸው ቀኖቹን እያዩ ይሰማሉ። ነፍስ አባት እንኳ እንደዚያ አያደርግም። እኔም ለመድኩት፤ ከጊዜ በኋላ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አንገቴ ራሱ ይዞራል።

ዘመኑ ተለወጠና ወደ ጳውሎስ ወረድን። ሆስፒታሉ ትልቅ ሆነ፣ ተማሪው በዛ፣ ጋሽ ወንድይራድም መኪኖቹን ሸጠው ሦስት ኮምፒውተር አስገቡ። ኢንተርኔት ሲገባ እኔ ኮርስ ወስጄ ስለነበር እሳቸውን የማስተማር ተራው የእኔ ሆነ። ብራውዘር ማለት ምን እንደሆነ፣ አድራሻ የት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚዘጋ አሳየኋቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«የዚህስ ካርቦን የት ነው የሚቀመጠው?»

ሂስትሪ የሚለውን ከፈትኩላቸው። ጠዋት የገባው ተማሪ ያያቸው ነገሮች በሙሉ ከነሰዓታቸው ተደርድረው ነበር። ከሥሩ አንዲት ሴት በጽንስ ጉዳይ ስትጠይቅ የቆየችው አለ። ጋሽ ወንድይራድ ወዲያው ወንበራቸውን ወደ ቀን መቁጠሪያው አዞሩ።

«አጥፊው» አሉኝ። «ሰው በተነሳ ቁጥር አጥፊው።»

እንደዚያ ሆነ። ደንበኛ ሲነሳ አጠፋለሁ፤ ብራውዘሩ ፓስዎርድህን ላስታውስልህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የለም እላለሁ። ያቺን ጥያቄ ጋሽ ወንድይራድ «ደላላዋ» ነበር የሚሏት። አንድ ቀን ብቻ እሺ ብትሏት ሰውን ሁሉ ታስማማዋለች ይሉ ነበር፤ ደግሞም አስማምታዋለች።

አሁን የክርስትና ስሙ ነገር ላይ ደረስኩ።

ደንበኞቻችን ኢሜይል ይከፍታሉ፣ በሳምንቱ ፓስዎርዳቸውን ረስተው ይመጣሉ። ወረቀት ላይ ሲጽፉት ይጥሉታል፤ በልብስ ኪስ ትተውት ይታጠባል። ለእኛ ነግረውን እኛ እንድንይዝላቸው የሚፈልጉ ነበሩ፤ ጋሽ ወንድይራድ እሱን አይሰሙም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት መፍትሔ አገኘሁ ብለው ደስ ብሏቸው መጡ።

«ሰው ሁሉ እኮ ፓስዎርድ ይዞ ነው ያደገው። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ካህን ሰጥቷቸዋል። የሚያውቁት እናቱና የነፍስ አባቱ ናቸው፤ እሱ ራሱ ደግሞ እስኪሞት አይረሳውም።»

እውነትም አይረሳም። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ሁሉ የክርስትና ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል እናስጽፈዋለን፣ ኮምፒውተሩ ቁጥር ጨምር ሲል ለወንድ 40፣ ለሴት 80። ደንበኛው ሲጽፍ እኛ ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞር እንላለን። ፕሮቴስታንት ደንበኞቻችን የክርስትና ስም ስለሌላቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እንዲመርጡ እንነግራቸው ነበር፤ ሁሉም ዮሐንስ ሦስት አሥራ ስድስትን እየመረጡ አስቸገሩን እንጂ። ፓስዎርዱ ቢጠፋ የማስመለሻ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ደግሞ፣ ሰዉ በየወሩ ሲም ካርድ ስለሚቀያይር የሱቃችንን ቁጥር እናስገባላቸው ነበር። በደግነት ያደረግነው ነው። ለስንት ሰው በዚህ መንገድ እንደከፈትን አላውቅም፤ ቁስቋም፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጳውሎስ፣ ግማሹ ሰፈር በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘጋ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ጋሽ ወንድይራድ በአንድ ክረምት ታመው አረፉ። ፍትሐቱ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ ቄሱ የነፍሳቸውን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። ገብረ ኪዳን። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያልሰማሁትን ስም ያን ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ሰማው። ከቀብር መልስ ሱቅ ገባሁና ያን ስም ጽፌ 40 ጨመርኩበት። ኢሜይላቸው ከፈተ። ምንም ሳላነብ ዘጋሁትና ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ቁልፉን ለእኔ ትተውልኝ የሄዱ መስሎኝ። መንቃት የነበረብኝ ያን ቀን ነው። ሰው ሲሞት በአደባባይ የሚጠራ ስም ቁልፍ እንደማይሆን ቄሱ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ በማግስቱም እንደወትሮው 40 እና 80 እያልኩ ቀጠልኩ።

አስካለ ወደ ሱቁ የመጣችው ጋሽ ወንድይራድ በሕይወት እያሉ ነው። ቁስቋም ነበር የምትኖረው፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ተማሪዎች የሚበሉበት ቤት ዕቃ ታጥባለች። እጇ ሁልጊዜ እንዳበጠ ነው። አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዛ ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እኔም ዞር አልኩ። የአራት ዓመት ልጇን ምሕረትን ለጉዲፈቻ ሰጥታ ነበር። የወሰዷት ሰዎች ቤልጅየም ናቸው። አገናኙ ድርጅት፣ ሰዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ደብዳቤና ፎቶ ስለሚልኩልሽ ኢሜይል አውጪ ብሏታል። እሷ ኢሜይል የሚባለውን ነገር የፖስታ ሣጥን መስሏት «የእኔን ቁልፍ ስጡኝ» ነበር ያለችው። ከፈትኩላት። ወለተ ሐና፣ 80፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለማታውቅ ያን ቀን ብቻ አጻጻፉን እኔ አሳየኋት። ማስመለሻው ስልክ የሱቁ።

ትንሽ ቆይቶ አስካለ ባል አገባች። ስለ ምሕረት አልነገረችውም። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላስረዳችኝም፤ ብቻ ድርጅቱ የሰጣትን ወረቀቶች በሙሉ በፌስታል አምጥታ «ቤቴ ወረቀት መግባት የለበትም፤ ያቃጥሉልኝ እትዬ ጽጌ» አለችኝ። አቃጠልኩላት። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቁጥር፣ የሰዎቹ ሙሉ ስም፣ የቤታቸው አድራሻ ያለበት እሱ ላይ ነበር። እኔ ሳላነብ ነው ያቃጠልኩት፤ እንደዚያ ነው የተማርኩት።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ የምሕረት የልደት ሰሞን፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ትመጣለች። ቁጭ ብላ በአንድ ጣቷ ወለተ ሐናን ትጽፋለች፤ እኔ ቀን መቁጠሪያውን አያለሁ። ከዚያ ደብዳቤውን አንብቤ በአማርኛ እነግራታለሁ። ምሕረት ጥርሷ ወልቋል። ምሕረት ዋና ለምዳለች። ምሕረት ሒሳብ አትወድም። ፎቶው ሲከፈት ጣቷን ወደ ስክሪኑ ታስጠጋና ሳትነካው ትመልሰዋለች፤ ሳሙናው እንዳያበላሸው ነው የምትለኝ። አንድ ዓመት ላይ ፎቶውን በወረቀት ያውጡልኝ አለችኝ። በረዶ ላይ የቆመች፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ናት። አስካለ የምሳ ዕረፍቷን በሙሉ ይዛው ተቀመጠች። የሥራ ሰዓቷ ሲቃረብ ተነስታ ሰጠችኝ።

«ልያዝልሽ እኔ ጋ?» አልኳት።

አሰበች። «እርስዎ ጋም ሰው ይገባል። ያቃጥሉት።»

ያን ፎቶ ቆርቆሮዋ ውስጥ ስጨምረው እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ብደብቀው ኖሮ ዛሬ ቢያንስ አንድ ፎቶ ይኖራት ነበር። ግን ደንቡን አንድ ጊዜ ከጣስኩ ሁልጊዜ እጥሳለሁ ብዬ አቃጠልኩት። ያኔ በራሴ ኮርቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻው ኅዳር የመጣው ደብዳቤ ሌላ ነገር ነበረው። ምሕረት ስለ እናቷ መጠየቅ ጀምራለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት እሷ ራሷ በዚህ አድራሻ እንድትጽፍልሽ ተስማምተናል ይላል። አስካለ ሦስት ጊዜ አስደግማ አስነበበችኝ። «ራሷ?» አለችኝ። ራሷ አልኳት።

ሱቁን የዘጋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ የማስመለሻ ቁጥራችሁን ቀይሩ እያልኩ ነግሬያለሁ። አስካለ በዓመት አንድ ቀን ነው የምትመጣው፤ እኔ የዘጋሁት በቀጣዩ ሰኔ ላይ ነው። ረሳኋት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። የሱቁ ሲም ካርድ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ከረመ፣ ካርድ የሚሞላው ሲጠፋ ሞተ፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ሰዉ እንዴት እንደሚኖር በደንብ አየሁ። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት የሐኪሟን የድምፅ መልእክት ጮክ አድርጋ ከፍታ ስለ ማሕፀንዋ ሁላችንም ሰማን፤ የማዞርበት ቀን መቁጠሪያ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ሊዲያ ስልኳ ላይ ባትሪ የሚያበራ ፕሮግራም ስትጭን የስልክ ማውጫሽን ልይ ሲላት እሺ ትለዋለች። ባትሪ ለማብራት የኔ ቁጥር ምን ያደርግለታል ብዬ ስጠይቃት ሳቀችብኝ።

«እትዬ፣ እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?»

«አንቺ ባይኖርሽ እኔ አለኝ። እኔም እኮ ስልክሽ ውስጥ ነኝ።»

«በቃ፣ ዘመኑ ነው» አለችኝ። ያቺን ቃል እጠላታለሁ። ካርቦን ስናቃጥል የኖርንበት ዕድሜ በአንዲት «በቃ» ተጠቅልሎ ሲጣል አየሁ።

ባለፈው ኅዳር አስካለ ሰው ጠይቃ ቤቴን አግኝታ መጣች። ሽርጧን አድርጋለች። ምሕረት አሥራ ስምንት ሞልቷታል። አሮጌዋን ላፕቶፕ አውጥቼ ከፈትኩላትና ፊቴን አዞርኩ። ስትጽፍ ሰማሁ፣ ስታቆም ሰማሁ። «አልከፍት አለኝ» አለች። እንደገና። አልከፍት አለ። ዞሬ ሳይ ፓስዎርዱ ከአምስት ወር በፊት ተቀይሯል ይላል።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም። ማርያምን ለማንም አልነገርኩም።»

«ስልክሽ ላይ ጽፈሽው ታውቂያለሽ?»

አሰበች። «ለጸሎት ብቻ ነው የጻፍኩት።»

ስልክ ከገዛች ወዲህ ነው። የሸጠላት ሰውዬ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲከፍትላት ኢሜይል አለሽ ወይ ብሏት፣ ያላትን አንድ ኢሜይል ሰጥታዋለች። ገጿ ላይ ስሟ ከነኢሜይሉ ተለጥፎ ተቀምጧል። አንድ ቀን ደግሞ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ጽሑፍ አየች፤ የክርስትና ስማችሁን ከሥር ጻፉ፣ በጸሎት እናስባችኋለን ይላል። ጻፈች። ወለተ ሐና እና ፍቅርተ ማርያም በጸሎት አስቡን። ፍቅርተ ማርያም የምሕረት የክርስትና ስም ነው። ልጅቷን በስሟ የምትጠራበት ሌላ ቦታ ስላልነበራት ነው።

ጽሑፉን ፈልገን ከፈትነው። ወለተ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ከእናቴ ጋር፣ ከታመመው ልጄ ጋር፣ ለፈተና አስቡኝ፤ ጣቴ እስኪደክም ብወርድ አያልቅም። አጠገባቸው የእያንዳንዱ ሰው ስምና ፎቶ አለ። ከመሃላቸው ደንበኞቼን አየኋቸው። እዚያ ያለችው ነርሷ፣ እዚያ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም እኔ ዞሬላቸው የጻፉትን ቁልፍ በአደባባይ ዘርግተውታል። ጽሑፉን ያወጣው ሰው በቅን ልብ ይሁን በተንኮል አላውቅም። አንድ የእኛው ሰፈር ዱርዬ ቢያነበው ግን 80ን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። አስካለ ያደረገችው ነገር ጸሎት መለመን ነው። ጥፋቱ ስሙን ቁልፍ ካደረግነው ከጋሽ ወንድይራድና ከእኔ ነው፤ እሳቸው ሞተዋል፣ ስለዚህ የእኔ ነው።

ፓስዎርዱን ረስተው ከሆነ የሚለውን ስነካው ኮድ መላክ እችላለሁ አለኝ። የስልኩን መጨረሻ ሁለት ቁጥሮች አሳየኝ። የሱቄ ነው። የገዛ ቁጥሬ ላይ ደወልኩ፤ ጎልማሳ ድምፅ አነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ይሄ ቁጥር ድሮ የሱቄ ነበር። አሁን አንድ ኮድ ይላክብዎታል፤ እባክዎ ያንብቡልኝ።»

«እናቴ፣ ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከጉለሌ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮድ ለማንም አትስጡ ተብለናል።»

እሱን ቃል እኔው ሱቄ ግድግዳ ላይ በትልቁ ለጥፌው ነበር። የአስካለን ነገር ብነግረው ምናልባት ይራራል፤ ግን የእኔ አይደለም፣ አልናገረውም። ይህን ሳመነታ አስካለ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ወንድሜ» አለችው። «አስካለ እባላለሁ፤ ቁስቋም ነው የምኖረው። ልጅ አለችኝ። በአራት ዓመቷ ለውጭ ሰዎች ሰጥቻታለሁ። ባሌ አያውቅም፣ እናቴም ሳታውቅ ነው የሞተችው። ዘንድሮ ልትጽፍልኝ ነው። ደብዳቤዋ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእኔ ብቻ የተናገረችውን፣ ለማታውቀው ሰው ቀጥ ብላ ነገረችው። ሰውየው የመለሰላትን ስልኩ ስለሚጮህ እኔም ሰማሁት።

«እህቴ፣ እውነት ከሆነ እግዚአብሔር ይርዳሽ። ግን ወንድሜን አንዷ እንዲህ እያለቀሰች ባዶ እጁን አስቀርታዋለች። ይቅር በይኝ።»

ዘጋው። ደግሜ ስደውል አይገባም፤ ቁጥሬን ዘግቶብኛል። በሰውየው አልፈርድም። ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ ጎበዝ፣ እንደዚህ ነው የሚባለው እለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልሄድንበት የለም። ስልክ ቢሮ ሄደን የቁጥሩን ባለቤት ስም ስንጠይቅ፣ አንዲት ትሁት ልጅ የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ አይነገርም አለችን። ልክ ናት። መዝገብ ቤት ሄድን፤ ያለ መዝገብ ቁጥር አይፈለግም ተባልን። ቁጥሩ ቆርቆሮዬ ውስጥ ነው የተቃጠለው። አገናኙ ድርጅት የውጭ ጉዲፈቻ ከቆመ ወዲህ ተዘግቷል፤ የነበረበት ግቢ ውስጥ አሁን መዋዕለ ሕፃናት አለ። ሊዲያ በስልኳ ምሕረት የምትባል ቤልጅየም ያለች ልጅ ብላ ስትፈልግ ሰነበተች። የአሳዳጊ አባቷን ስም እኔም አስካለም አናስታውስም፤ እኔ ከደብዳቤው ሥር ያለውን ስም ሳላይ ማለፍ ለምጄ ነበር። በስተመጨረሻ ሊዲያ «እዚያ ያሉ ሰዎች የልጆቻቸውን ስም አያወጡም መሰለኝ» አለችኝ። ጥሩ ያደርጋሉ አልኳት።

አንድ ነገር ግን መሞከር አልተውኩም። ከራሴ ኢሜይል ወደ አስካለ አሮጌ አድራሻ እጽፋለሁ። እዚያ ያለህ ሰው፣ የከፈትከውን ዝጋ አልልህም፣ ከቤልጅየም የመጣ ደብዳቤ ካለ ብቻ ላክልን እያልኩ። አይመለስብኝም፤ ይደርሳል ማለት ነው። የምሕረትም እንደዚሁ ይደርሳል። እኔ የምፈራው እሱን ነው። አድራሻው ቢጠፋ ኖሮ ልጅቷ ተመልሶባት ሌላ መንገድ ትፈልግ ነበር። አሁን ግን ደብዳቤዋ ገብቶ ይቀራል፣ እሷም እናቷ አንብባ ዝም ያለቻት ይመስላታል።

ይህን ለአስካለ አልነገርኳትም። በየቅዳሜው ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ሌባው ሰልችቶት መልሶት እንደሆነ እንይ ትላለች። እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ላፕቶፑን ግን አወጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እጇን በሽርጧ አድርቃ ቁጭ አለች።

«ጽፋልኝ ይሆን?»

«ጽፋ ይሆናል።»

«ታዲያ መልስ ስታጣ ምን ትላለች?»

ለእሷ ያልነገርኳትን ነገር ራሷ ደርሳበታለች። አንገቴ እንደለመደው ዞረና ግድግዳዬ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ማየት ጀመርኩ።

«እትዬ ጽጌ» አለችኝ ከኋላዬ። «አሁን እኮ መዞር አያስፈልግዎትም። አገር ያወቀው ስም ነው።»

«ጻፊ» አልኳት፤ አልዞርኩም። በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ስትጽፍ እስክትጨርስ ድረስ ቀኖቹን አየሁ።